የተማረ ልጅና የወላጅ ዕድሜ፤ ስለ አንድ የምርምር ዘርፍ ከመርካቶ አንጻር የቀረበ ሂስ

የቤተ ሰብ መማር በሰው ዕድሜ ላይ ያለውን ኀይል የሚመረምረው የሥነ ሕዝብ ጥናት ለረዥም ዘመን ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ሲመለከት ኖሯል። አውስትራሊያዊው ሊቅ ካልድዌል በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ናይጄሪያ ባሳተመው ጽሑፍ የእናት መማር የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ ከአባት ሥራና ከቤቱ ሀብት የተለየ ኀይል እንዳለው ካስረዳ ወዲህ የእርሱን ፈለግ የተከተሉት አያሌ ናቸው። በኻያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ግን ጥያቄው ተገልብጧል፤ የልጅ መማር ለአረጀ ወላጅ ዕድሜ ይጨምራልን? ዚመርና ባልደረቦቹ በ2007 ስለ ታይዋን፥ ቶርሳንደር በ2013 ስለ ስዊድን፥ ፍሪድማንና ሜር በ2014 ስለ አሜሪካ፥ ደ ኔቭና ባልደረቦቹም በ2017 ስለ ደቡብ አፍሪካ ገጠር፥ በ2018 ስለ ታንዛኒያ የጻፏቸው ጥናቶች ሁሉ ይጨምራል ወደሚለው መልስ ያዘነብላሉ። ስለ ቻይና በ2016 የወጣው የያንግ፥ የማርቲካይነንና የሲልቨንቶይነን ጽሑፍም የአረጋዊውን የራሱን፥ የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን የኑሮ ደረጃ ባንድነት በመመዘን ጥያቄውን ከልጅ አልፎ ወደ ባልና ሚስት አስፍቶታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የታይዋኑ ጥናት ነው። በዚያ አገር ሽማግሌዎቹ ፊደል ሳይቈጥሩ ወይም ጥቂት ብቻ ተምረው ያደጉ ሲሆኑ፥ ልጆቻቸው ግን ትምህርት ቤቶች በተስፋፉበት ዘመን ተወልደው ከወላጆቻቸው እጅግ የራቀ ደረጃ ደርሰዋል። የአባትና የልጅ መማር እንዲህ ሲራራቅ የአንዱን ኀይል ከሌላው ለይቶ ለማየት ይመቻል። ደራሲዎቹ የደረሱበትም ነገር ብልኀት አለበት። በሽታ እንዳይጀምር ይበልጡን የሚረዳው የሰውዬው የራሱ መማር ነው፤ በሽታው ከጀመረ በኋላ እንዳይብስና ቶሎ ወደ ሞት እንዳያደርስ ግን የልጁ መማር ከፍ ያለ ድርሻ አለው ይላሉ። ይህን ማስተዋል የሚነቅፍ ሰው ቢኖር በሽተኛ አስታሞ የማያውቅ መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ‹‹የልጅ መማር›› የሚለው ቃል በሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ የሚደርስበት ነገር አለ። ብዙ ልጆች ያሉት ሰው አንድ ቍጥር ብቻ እንዲሰጠው ስለሚፈለግ፥ በዚህ ዘርፍ ዘወትር የሚሠራበት መንገድ ከልጆቹ መካከል እጅግ የተማረውን መርጦ የእርሱን ደረጃ መጻፍ ነው። ለቍጥር ሥራ የተመቸ መንገድ መሆኑ አይካድም። መርካቶ ሲደርስ ግን የሚያስት መንገድ ይሆናል።

እንደሚታወቀው መርካቶ ከአራዳ ገበያ ተለይቶ በአዲስ ከተማ የተተከለው በጣልያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከነጻነት በኋላ ገበያውን ካቀኑት መካከል ከጉራጌና ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡት ብዙዎች ናቸው። ጫማ በመጥረግ ወይም በሱቅ በደረቴ ጀምረው፥ ከዘመድ ሱቅ ደጃፍ እያደሩ፥ ቀስ በቀስ በምናለሽ ተራ፥ በሸማ ተራ ወይም በቈርቈሮ ተራ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ሁሉ እኩል ወደ ትምህርት ቤት አልላኩም። አንደኛው፥ ብዙ ጊዜም የበኵሩ ልጅ፥ ከሰባተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ከአባቱ ጋር ሱቅ ይቀመጣል፤ ታናናሾቹ ደግሞ በሱቁ ገቢ ይማራሉ። ሴት ልጅ ካለችም እንጀራው፥ ልብሱና የአልጋው ሥራ የእርሷ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ከገጠር የመጣ የእኅት ልጅ በዚሁ ቤት ያድጋል፤ ይህም ልጅ ከባለሱቁ ልጆች ተለይቶ አይታይም፥ በመዝገብ ግን ልጅ አይባልም።

እንግዲህ ባለሱቁ አርጅቶ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ሲይዘው የሚሆነውን ማስተዋል ይገባል። በማለዳ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወስዶ ካርድ የሚያወጣለት፥ ተራ የሚጠብቅለትና መድኃኒት አልቋል ሲባል ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞርለት ያው ከስምንተኛ ክፍል የወጣው ልጅ ነው። መሐንዲስ የሆነው ወንድሙ ማታ መጥቶ ወረቀቱን ያነባል፤ ይህ የሚወሰደው ክኒን ከዚያኛው ጋር እንዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ ሐኪም የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛ ካለውም ይደውላል። አባት በዚህ ሁሉ አምስት ዓመት ቢቈይ፥ በሠንጠረዡ ላይ አምስቱ ዓመታት ለመሐንዲሱ ይጻፋሉ። የሱቁ ልጅ ግን ከነጭራሹ አይገኝም። ከዚያም በላይ መሐንዲሱን ያስተማረው የወንድሙ ጕልበት ነበር። ስለዚህ ‹‹የተማረው ልጅ ውጤት›› ተብሎ የተለካው ነገር የተማረና ያልተማረ ወንድም እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ምርምሩ የሁለቱን ድካም አንድ አድርጎ ለአንዱ ሰጥቶታል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። አንድ የጤና ጥበቃ ሹም ከእነዚህ ጽሑፎች ‹‹ልጆችን እስከ ላይ ማስተማር ሽማግሌዎችን ያኖራል›› የሚል ምክር ወስዶ ቢሠራበት፥ በመርካቶ ሽማግሌዎችን በእርግጥ የሚያስታምመውን ሰው ሳያየው ያልፋል። በሌላ በኩልም ምክንያትና ውጤት ሊቀያየሩ ይችላሉ። አባት ቀድሞ ከታመመ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሱቅ ይቀመጣል፤ እንግዲህ ያልተማረ ልጅ ያለው አባት ቶሎ ሞተ ሲባል፥ ልጁ ያልተማረው አባቱ በመታመሙ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የታንዛኒያው ጥናት የሚመሰገነው ይህን ችግር አይቶ መንገድ በመፈለጉ ነው፤ መንግሥት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉ ባስፋፋ ጊዜ የተማሩት ልጆች ለትምህርት የበቁት በአባታቸው ጤንነት ሳይሆን በተወለዱበት ዘመን ምክንያት ስለ ሆነ፥ ደራሲዎቹ ያንን አጋጣሚ እንደ መለያ ተጠቅመውበታል።

በኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለዚሁ ዓይነት ምርምር ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዘመቻው ያስተማረው በተለይ ዐዋቂዎችን ነው፤ አስተማሪዎቹም ብዙ ጊዜ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ፤ ማለትም ልጅ አባቱን ያስተማረበት ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ ማንበብ የጀመረ የመርካቶ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በራሱ እጅ መያዝ ችሏል። የመድኃኒቱን ወረቀት ግን ሊያነብ አልቻለም፤ የሐኪም ማዘዣና በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነውና።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከውጭ በመጡት ጽሑፎች ውስጥ ቦታ የለውም፥ ሊኖረውም አይችልም። ቻይናዊ ሽማግሌ ፊደሉን ካወቀ የመድኃኒቱን ማሸጊያ በቋንቋው ያነበዋል፤ ስዊድናዊም እንደዚሁ። ስለዚህ በእነርሱ አገር የራስ መማርና የልጅ መማር በአንድ መሰላል ላይ ያሉ ደረጃዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ሁለት መሰላል አለ፤ አንዱ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ማንበብ ሲሆን ሁለተኛው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ላይ ስድስት ዓመት የወጣ ሰው በሆስፒታል መስኮት ፊት ጨርሶ ካልወጣው ብዙ አይለይም። የትምህርት ዓመታትን አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ የሚደምር ሠንጠረዥ ይህን ስብራት አያሳይም። የመርካቶን ሽማግሌዎች የሚያጠና ሰው ‹‹ልጁ ስንት ዓመት ተማረ?›› ከማለት ይልቅ ‹‹በቤቱ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው አለን? በየስንት ቀኑስ ይመጣል?›› ቢል ይሻለዋል።

መርካቶ ለዚህ ምርምር ችግር ብቻ አይደለም፤ ከብዙ አገሮች የማይገኝ ምቾትም ይሰጣል። በስዊድንም ሆነ በአሜሪካ የተማረ ሰው በብዛት ደመወዙ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ወላጅን ያኖረው ዕውቀት ይሁን ገንዘብ ለመለየት ያስቸግራል። በመርካቶ ሀብትና ትምህርት እንዲህ አብረው አይሄዱም። ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ባለብዙ ሀብት አስመጪና በደመወዝ የሚኖር ባለዲግሪ ልጁ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ባለሱቁ ጡረታ የለውም፤ በ1955 ዓ.ም. የተጀመረው ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ፥ በ2003 ዓ.ም. የታወጀውም በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ ነበርና፥ የነጋዴው ጡረታ ሱቁ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በደረሰው ታላቅ የእሳት ቃጠሎ የጠፋው ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሽማግሌዎች የመድኃኒት ገንዘብም ነበር ማለት ይቻላል። ዕውቀትን ከገንዘብ ለይቶ ለመመዘን ከዚህ የበለጠ ስፍራ ማግኘት ያዳግታል፤ እስካሁን አለመፈለጉ ያስገርማል።

ስለ ራቁ ልጆችም አንድ ነገር መነገር አለበት። የልጅ መማር ለወላጅ ዕድሜ ይጨምራል የሚለው ዐሳብ የተማረው ልጅ በሕይወት መኖሩን፥ በአቅራቢያም መገኘቱን አስቀድሞ ይገምታል። በአዲስ አበባ ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት በብዛት የተማሩት ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ቤት ዋስትና ሳይሆን ስጋት ያለበት ቤት ነበር። ሱቅ የተቀመጠው ልጅ ተርፎ ተማሪው የሞተበት አባት በየትኛው ዐምድ ይጻፋል? ከዚያ በኋላም በ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ከአመልካቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ይጠይቅ ነበርና፥ ትምህርት ከቤት መውጫ በር ሆነ። የሄደው ልጅ ገንዘብ ይልካል፥ በስልክም ይጠይቃል፤ ተራ ግን አይጠብቅም። የራቀ ልጅ ዕውቀት በወላጅ ጤና ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ጥያቄ በስደት ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ለአረጋውያኑም ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ቤት መኖርን መነሻ ያደረገ ጥናት ግን አይደርስበትም።

በመጨረሻም የሞቱ ማስረጃ ራሱ አለ። በአዲስ አበባ ሙሉ የሞት ምዝገባ ስላልነበረ፥ በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ጥናት በከተማው የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸመውን ቀብር መመዝገብ ጀመረ፤ ዓላማውም የኤድስን ሞት ለማወቅ ነበር። ከተመዘገቡት ቤቶችም አንዳንዶቹን እየመረጡ ዘመድን በቃል በመጠየቅ የሞቱ ምክንያት እንዲታወቅ ተደረገ። ከ2006 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከሞቱት ዐዋቂዎች መካከል 51 በመቶ ያህሉ በማይተላለፉ በሽታዎች፥ ማለትም በልብ፥ በስኳር፥ በካንሰርና በመሳሰሉት መሞታቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ሥራው እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ያለ እርሱ ስለ ከተማይቱ ሞት የሚታወቀው ጥቂት በሆነ ነበር። ሆኖም የሽማግሌዎችን ሞት ከልጆቻቸው መማር ጋር ለማያያዝ ይህን መዝገብ የሚያነሣ ሰው አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ለጠያቂው የሚመልሰው ያው ልጅ ነው። የተማረው ልጅ ‹‹የኵላሊት ድካም ነው፥ ከደም ግፊቱ የመጣ›› ብሎ የሆስፒታል ወረቀት ያወጣል፤ ያልተማረው ‹‹አበጠ፥ ደከመው፥ ሄደ›› ይላል። ስለዚህ መማር በሞቱ ምክንያት ላይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሞቱ በተጻፈው ቃል ላይም እጁን ያሳርፋል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። በጣልያን ጊዜ እረኛ ነበርሁ እያለ የኖረው ሽማግሌ የተወለደበትን ዓመት የሚያስላለት ልጁ ነው፤ ያልተማረው ልጅ ሰባ ወይም ሰማንያ ብሎ በጅምላ ይናገራል። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ ልዩነት በሚፈልግ ምርምር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀብሩ ራሱ የማይገኝበት ሁኔታ ነው። የመርካቶ ሽማግሌ ሲደክመው ሱቁን ለልጁ ትቶ ወደ ትውልድ አገሩ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ሄዶ በዚያው የሚቀርም አለ። እርሱ በከተማው የመቃብር መዝገብ አይገኝም፤ በአንጻሩ ለሕክምና ከገጠር ወደ ልጁ ቤት የመጣው እንግዳ በኮልፌ ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተቀብሮ ከአዲስ አበባ ሽማግሌዎች ጋር ይቈጠራል። የተማረ ልጅ ያላቸው አባቶች ለሕክምና በከተማ የሚቈዩ፥ የሌላቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ከሆነ፥ መዝገቡ የተማሩትን ልጆች አባቶች ሞት አብዝቶ ያሳያል፤ የልጅ መማርም የሚገድል መስሎ ይታያል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚችል አንድ መዝገብ ቢኖር የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር አባሉ የትም ቢሞት ለቤተ ሰቡ ይከፍላል፤ ለአባትና ለእናት፥ ለሚስት ወይም ለባል፥ ለልጅና ለዐማት የሚከፈለውንም በደንቡ ለይቶ ያውቃል። በአባልነት የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ያ ከስምንተኛ ክፍል የወጣው የሱቁ ልጅ ነው።