ፊደል በስፍራው ሲቈጠር

የግጥም ሒስ በሀገራችን የጆሮ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሰሚው ቤቱ መታ ወይም አልመታም ብሎ ይፈርዳል እንጂ፥ የፍርዱን ምክንያት ሲጠየቅ «እንዲያው አልጣመኝም» ከማለት በቀር ብዙ የሚያስረዳው ነገር የለውም። በዘመናችን ግን ፊደልን በየስፍራው ለይቶ የሚቈጥር የኮምፒዩተር ፕሮግራም በጥቂት መስመር ጽፎ ማሠራት ለተማሪ እንኳ የማይከብድ ሆኗል። እንግዲህ ይህ ቈጠራ ለሐያሲ የሚረዳው ነገር አለን? ወይስ ግጥምን እንደ እህል መስፈር ብቻ ነውን?

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ት» ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በቃል መጀመሪያ፥ በመካከል ወይም በመጨረሻ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። የፊተኛው ብዛትን ይነግራል፤ የኋለኛው ግን ጠባይን ይገልጣል። ሥራውም የረቀቀ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቍጥር ተሰጥቶታል። ሆሄያቱ በስምንት በስምንት ስለ ተደረደሩ፥ ዲቃሎቹን ትተን፥ ቍጥሩ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው የሆሄውን ተራ ይነግረናል፤ ለግዕዝ 0፥ ለካዕብ 1፥ እንዲህ እያለ ለሳድስ 5፥ ለሳብዕ 6 ይተርፋል። «ሮቢት» የሚለውን ስም ብንወስድ ቍጥሮቹ 4654፥ 4706 እና 4725 ናቸው፤ የሚተርፉትም 6፥ 2 እና 5፥ ማለት ሳብዕ፥ ሣልስና ሳድስ ናቸው።

ይህን ስም የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ በከሚሴ አገር፥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ከሚነጋገሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የዞኑን አምስት ወረዳዎች ስም፥ አርጡማ ፉርሲን፥ ባቲን፥ ደዋ ጨፋን፥ ደዌ ሃረዋንና ጅሌ ጥሙጋን ብንቈጥር፥ ከዘጠኙ ቃላት አምስቱ በራብዕ፥ ሁለቱ በሣልስ፥ ሁለቱ በኃምስ ያልቃሉ፤ በሳድስ የሚያልቅ አንድም የለም። ዘጠኝ ቃል ለሕግ አይበቃም፤ ደሴና ኮምቦልቻም በሳድስ አያልቁም። ነገር ግን የኦሮምኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ በአናባቢ የሚያልቅ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

«ሮቢ» በኦሮምኛ ረቡዕ ማለት ነው። በመጨረሻው ስፍራ የተጨመረችው «ት» ግን የአማርኛ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለችው ሐሙሲት ከሐሙስ እንደ ወጣች ሁሉ፥ ሮቢትም በዚያው ፈሊጥ ቆማለች። ጎረቤቷ ሰንበቴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት፤ የ«ሰንበት» ሳድስ በእርሷ ዘንድ አናባቢ ይዛ «ቴ» ሆናለች። እንግዲህ ከሁለቱ አጻጻፍ አንዱን ስሕተት ነው ብሎ የሚሰርዝ አራሚ፥ ሁለት ሕዝብ በአንድ ስም ላይ የተገናኙበትን ምስክር ይሰርዛል። የ«ት» ጠቅላላ ብዛት ይህን አይነግረንም፤ ስፍራዋ ግን ነገረን።

ከስም ወደ ግጥም ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የግጥማችን ቤት የሚመታው በዚያው በመጨረሻው ስፍራ ነውና። አንድ ገጣሚ «ወገን»ን ከ«ዘመን»፥ «ቤቱን»ንም ከ«ልቡን» ጋር ቢገጥም መኪናው አራት ጊዜ «ን» ብሎ ይቈጥራል። ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን ስፍራ ስናስቈጥር ግን በፊተኞቹ «ገ»ና «መ»፥ በኋለኞቹ «ቱ»ና «ቡ» ይወጣሉ። የፊተኛው ቤት ከቃሉ ሥር የወጣ ነው፤ የኋለኛው ግን ሰዋስው ያደለው ቅጥያ ነው። «ይመጣል፥ ይሄዳል፥ ይቀራል» እያሉ መግጠምም እንዲሁ ነው። ቋንቋው ራሱ የመታውን ቤት ገጣሚው የራሱ ሙያ አድርጎ መቍጠር የለበትም። አሁን በብዛት የምናነበው ግጥም የሚደክመው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል፤ ቈጠራውም ጆሮ ያልጣመውን ነገር በጣት ለማሳየት ያስችላል።

የሆነ ሆኖ ዳኝነቱን ለመኪናው መስጠት አይገባም። «ንጉሥ»ና «ፈረስ» በጆሮ አንድ ድምፅ ሲሰጡ፥ መኪናው ሠና ሰ ብሎ ይለያያቸዋል። በተቃራኒውም «አለ» ሲላላና «አለ» ሲጠብቅ ሁለት ቃል መሆናቸውን አያውቅም፤ ጥብቀት በፊደላችን አይጻፍምና። ኦሮምኛም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ሲጻፍ «ሮቢ» ስድስት ፊደል ይሆናል፤ በእኛ ሁለት ነው። ሁለቱን ከግራ ጀምሮ ስፍራ በስፍራ የሚያስተያይ ሰው ፈረስን ከበቅሎ ጋር ጠምዶ ያርሳል።

በአናባቢ በሚያልቅ ቋንቋ ያደገውን የጨፋን ልጅ በአማርኛ ሲገጥም ሳድስ ቢያንስበት «ጆሮ የለውም» ብለን አንፍረድበት፤ ጆሮ አለው፥ የለመደው ስፍራ ሌላ ነው። ሐያሲ ቢቈጥር መልካም ነው፤ ከቈጠረ በኋላ ግን ግጥሙን ጮኾ ያንብበው።