ከስህተቱ በስተጀርባ ያለው ደንብ፤ የሚና ሾኔሲ መጽሐፍና የአንደኛ ዓመት የድርሰት ትምህርት

የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 በከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለፈጸመ ሁሉ በሩን ከፈተ። በዚህም ምክንያት በሲቲ ኮሌጅ የድርሰት ክፍል፣ በትምህርት ዘመናቸው እምብዛም ሳይጽፉ የመጡ ብዙ ወጣቶች ተቀመጡ። በዚያ የጽሕፈት መሠረታዊ ትምህርትን የመሩት ሚና ሾኔሲ፣ እስከ 1974 ድረስ የተጻፉ 4,000 ያህል የመግቢያ ምደባ ድርሰቶችን መርምረው፣ በ1977 «ስህተቶችና የሚጠበቁ ነገሮች» ሊባል የሚችለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ዕድሜው ቢገፋም፣ ዛሬም የአንደኛ ዓመት ድርሰት የሚያርም መምህር ሊያነበው የሚገባ ነው። ሊከራከረውም ይገባል።

የመጽሐፉ ብርታት ባንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የተማሪ ስህተት እንዲሁ የመጣ ሳይሆን የራሱ ደንብ ያለው መሆኑ ነው። ተማሪው የሚሳሳተው ግማሽ የተማረውን ሕግ አለቦታው ሲያውል፣ ወይም ከሚያውቀው ቋንቋ ሌላ ሕግ ሲዋስ ነው። ይህን አባባል ለመፈተን ከኢትዮጵያ ክፍል ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም። «ምንም እንኳ ዝናቡ ቢበረታም ገበሬው ግን ከማሳው አልቀረም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የተሟላ ነው። ተማሪው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ኦልዞው» ብሎ ይጀምርና «በት»ን ይጨምራል፤ የአማርኛው «ግን» ቦታውን እንዲያጣ አይፈልግምና። መምህሩ «በት»ን በቀይ ቢሰርዝ፣ ተማሪው አንድ ቃል እንደ ተሰረዘበት እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች የት ላይ እንደ ተለያዩ አያውቅም። በሚቀጥለውም ድርሰት ያው «በት» ተመልሶ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ዐቢይ ፊደል አጠቃቀምም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ በዚህ ረገድ የሚሳሳት ተማሪ ሁልጊዜ ቸልተኛ ነው ማለት አይቻልም።

መጽሐፉ የሚደክመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ ያሉት አምስት ምዕራፎች በእጅ ጽሕፈትና በሥርዓተ ነጥብ፣ በአገባብ፣ በተለመዱ ስህተቶች፣ በቃላት ፊደል አጻጻፍ፣ በቃላት ሀብት ላይ ያተኩራሉ። ከዓረፍተ ነገር በላይ ላለው ነገር የተተወለት አንድ ምዕራፍ ነው። አብዛኛዎቹ ምሳሌዎች ከድርሰት የተቆረጡ ስለሆኑ፣ አንባቢው የጸሐፊውን ችግር ያያል እንጂ ምን ሊል ፈልጎ እንደ ነበር በሚገባ አይረዳም። ሚን ዣን ሉ በ1991 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሾኔሲ ቋንቋን ከትርጉም ለይተው እንደሚያዩ በማሳየት ወቅሰዋል። ወቀሳው የከረረ ቢመስልም መሠረት አለው፤ ስህተትን በርኅራኄ የሚቆጥር መምህርም ቢሆን መቁጠሩን አልተወም።

በምዘና ረገድ ደግሞ ሌላ ጥናት አብሮ መነበብ አለበት። ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ በ1961 ባቀረቡት ጥናት፣ 300 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ድርሰቶች ከስድስት የሙያ መስኮች ለተውጣጡ 53 አራሚዎች ተሰጡ። መመዘኛ አልተነገራቸውም፤ በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቡ ብቻ ተጠየቁ። ከድርሰቶቹ 94 በመቶው እያንዳንዳቸው ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ የተለያዩ ደረጃዎች አገኙ። አንዱ አራሚ ሐሳብን፣ ሌላው ሰዋስውን፣ ሌላው የቃላት ምርጫን ይመዝን ነበርና።

ይህ ውጤት ለኢትዮጵያ መምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ የእንግሊዝኛ የተግባቦት ኮርሶችም አብረው መጡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። ወደ እነዚህ ክፍሎች የሚገባው ተማሪ ያለፈበት የ12ኛ ክፍል ፈተና መልስ የሚያስመርጥ እንጂ አንቀጽ የሚያስጽፍ አልነበረም። ሳይጽፍ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያ ድርሰቱን በነጥብ ሲቀበል፣ ዓይኑ የሚያርፈው በነጥቡ ላይ ነው፤ በኅዳጉ የተጻፈውን አስተያየት የሚመለከተው ጥቂቱ ነው። በቡድን በሚሰጥ የጽሑፍ ሥራማ አንዱ ጽፎ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ሲያኖሩበት፣ የሚታረመው የማን ስህተት እንደ ሆነ መለየት እንኳ ያዳግታል።

ከሾኔሲ ሊወሰድ የሚገባው እንግዲህ የስህተት ዝርዝሩ ሳይሆን የአነባበብ ልማዱ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ያለ ነጥብ ይመለስ፤ መምህሩ ከስህተቶቹ መካከል ደጋግሞ የመጣውን አንዱን መርጦ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ተማሪው መልሶ ይጻፍ። ነጥብ የሚሰጠው ለሁለተኛው ይሁን። የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራንም ሴሚስተሩ ሳይጀመር ዐሥር ያህል ድርሰቶችን ለየብቻ አርመው ውጤታቸውን ያስተያዩ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ ስድሳ ተማሪ የያዘ መምህር ደግሞ ያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ የክፍል ብዛትና የመምህሩ የሥራ ጫና ሲመደብ፣ ድርሰት የሚታረምበት ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት መቆጠር ይኖርበታል። ይህም የመምህሩ ሳይሆን የዕቅድ ባለሙያው ድርሻ ነው።