ሁለት ዓይን ያለው ልጅ

ስለ ሥዕል መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዐውደ ርእይ ተከፈተ ሲባል እሄዳለሁ፤ መክፈቻው ላይ ንግግር ይደረጋል፤ እኔም ስለ ቀለሙና ስለ አሣሣሉ ማስታወሻ ይዤ እመለሳለሁ። ሥዕል ፊት ቆሜ ግን አልቅሼ አላውቅም ነበር። እንዲያውም «ሥዕል አስለቀሰኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በልቤ እስቅበት ነበር። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን አስቀድሜ መናዘዜ ያለ ምክንያት አይደለም። ደባርቅ ላይ የደረሰብኝን ላወጋችሁ ነውና።

ነገሩ የሆነው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ጥምቀትን ጎንደር ካከበርን በኋላ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ስሜንን ለማየት ተነሣን። ከመሄዳችን በፊት ግን ጎንደር የደረሰ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግን፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለምን። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጣሪያውን ቀና ብለው ሲያዩት የመላእክት ፊቶች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል ይመለከታሉ። የትም ይቁሙ የት የሚያይዎት ዓይን አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳንና ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ። ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሥዕሉን አደነቅሁ። አላለቀስኩም።

ጎንደር ስገባ ሁልጊዜ የሚያብሰለስለኝ ሌላ ታሪክም አለ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ሲያቋርጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ደርሶ ነበር። የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያለበሱት ሥዕሎች ጨርቅ ላይ የተሣሉ ነበሩና የግሪዮል ቡድን ገፍፎ አወረዳቸው። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የቡድኑ ሰዓሊ የሠራቸው ግልባጮች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ፓሪስ ገቡ፤ ዛሬ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ንብረት ናቸው። ዋናው ሄደ፤ ግልባጩ ቀረ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸክላ አንበሶች በመንገድ ዳር የሚሸጡባትን ወለቃን አልፈን፣ በወገራ ደጋ ላይ አምባ ጊዮርጊስን ተሻግረን ዳባት ላይ ለምሳ ቆምን። የገባንበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ በቤት ቀለም የተሠራ አንድ ሥዕል አየሁ። ሰማያዊ ተራራ ነው፤ ከግርጌው ጅብራዎች ቆመዋል። ጅብራን ላላየ ሰው፣ በስሜን ከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ግንዱ እንደ ሰው ቀጥ ያለ፣ አናቱ ላይ ቅጠሉን የከመረ ተክል ነው። እዚህ ሥዕል ላይ ጅብራዎቹ ጋቢ ተከናንበው አንድ ነገር የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። ፊርማ የለውም። የቤቱን ባለቤት ጠየቅኋት።

«የደባርቅ ሰው ናቸው የሣሉት። ታፔላም የሚጽፉልን እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ደባርቅ ስንገባ ያን ሰማያዊ በየቦታው አገኘሁት፤ በፀጉር አስተካካይ ቤት ታፔላ ላይ፣ በአንድ ቡና ቤት በር ላይ። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ናት። ጎብኚ ሁሉ አስጎብኚና ጠባቂ፣ በቅሎና ስንቅ የሚያሰናዳው እዚህ ነው። ሁሉም ወደ ተራራው ይቸኩላል። እኔ ግን ጓደኛዬን ለምኜ አንድ ቀን አስቀረኋትና ሰዓሊውን ፍለጋ ወጣን።

ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ነው። ሥዕል የለመዱት የቆሎ ተማሪ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሥሉ ለነበሩ አጎታቸው ቀለም እየበጠበጡ ነው። ስሜን ለሥዕል አዲስ አገር አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት፣ አፄ ቴዎድሮስም ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡበት ደረስጌ ማርያም ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ። የሰዓሊው ቤት ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በፍየል ቆዳ ላይ የተሣሉ ዋልያዎችና ጭላዳዎች ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅለውባታል።

ሂስ ከተባለ ሂስ ይሁን፤ እውነቱን ልጻፍ። ዋልያዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ቀንዳቸው እንደ ማጭድ ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ አራት እግራቸው አንድ ቋጥኝ ላይ ተሰብስቧል። የጭላዳው ደረት ላይ ቀይ ልብ ተለጥፎበታል። እጅ በልማድ የሠራቸው እንጂ ዓይን ያያቸው አይደሉም። ይህን ስነግራቸው አልተቀየሙኝም።

«እውነትሽን ነው ልጄ። ፈረንጅ የሚሻው ዋልያ ነው፤ ዋልያ እሸጥለታለሁ። ያገራችን ሰው ግን ዋልያም አይገዛኝ» አሉ።

ዝም አልኩ። እኔም የመጣሁት ላይ ነበር እንጂ ልገዛ አልነበረም።

ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ግን ሌላ ሥዕል ነበር። አቡጀዲ ላይ ነው የተሣለው፤ ወርዱ ከሁለት ክንድ ይበልጣል። ያ ሰማያዊ ተራራ እዚህም አለ። ከፊቱ ክዳናቸው የተነሣ ጎጆዎች፣ ግድግዳቸው ብቻ የቆመ። ከጎጆዎቹ ወደ ቀኝ ረጅም ሰልፍ ይወርዳል፤ ምሰሶና ድስት የተጫኑ አህዮች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች። ሁሉም በጎን ነው የተሣሉት። ሁሉም አንድ ዓይን ናቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ኃጥአን አደረጓቸው እንዴ?» አልኳቸው፤ ትናንት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያየሁትን አስቤ።

«የሚሄድ ሰው እኮ ነው! የሚሄድ ሰው እንዴት አድርጎ ፊት ለፊት ያይሻል? መንገዱን ነው የሚያይ» አሉኝ። ቀጥለውም በጣታቸው አንድ ቦታ አመለከቱኝ። «የሚያይሽስ ይኸውልሽ።»

ከሰልፉ መጨረሻ፣ በአንዲት በቅሎ ላይ ከተጫነ እቃ በላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ያያል። ሁለት ዓይን አለው። ዓይኖቹ የጎንደር መላእክት ዓይኖች ናቸው፤ ትልልቅ፣ ጥቋቁር፣ ከላይ በወፍራም ቅንድብ የተከደኑ።

ጓደኛዬ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ የተወለድኩበት ሰፈር ፈርሶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደናል። ጭነት መኪና ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ አይ ነበር። አባቴና እናቴ ወደ ፊት ነበር የሚያዩት። ያን ቀን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ደባርቅ ውስጥ አንድ የማያውቁኝ ሰው ሥለውት አገኘሁ።

ሥዕሉ የግጭ ሰዎች ነው። ግጭ በፓርኩ ውስጥ፣ ከፍታው ላይ የነበረች የገበሬዎች መንደር ናት። ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በዋልያውም ቁጥር ማነስ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱም ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው መዳን አለበት፤ ይህን ሰዓሊውም አይክዱም። ኑሯቸው ከዋልያ ነውና። ሥዕሉ ክስ አይደለም። ማን ጥፋተኛ ነው ብሎ አይጠይቅም። ማን ወደ ኋላ አየ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እንከኖቹን ልደብቅ አልፈልግም። የአህዮቹ እግር ከመሬት አይገናኝም። የሴቶቹ እጅ ጭልፋ ይመስላል። ሰማያዊው ቀለም ከቆርቆሮው እንደወጣ ተቀብቷል። ነገር ግን እኚህ ሰው አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል። ከአጎታቸው የተቀበሉትን የአንድ ዓይንና የሁለት ዓይን ሕግ ሳያፈርሱ አዲስ ትርጉም ሰጥተውታል። በእሳቸው ሥዕል አንድ ዓይን ኃጢአት አይደለም፤ መሄድ ነው። ሁለት ዓይንም ጽድቅ አይደለም፤ አለመርሳት ነው። እኛ ከተሜዎች ይህን «ባህላዊ ሥዕል» ብለን ከቅርጫትና ከጀበና ጋር እንደረድረዋለን። ቄስ አዳሙ ተስፋውን የመሰለ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተነሣ ሰዓሊ እንኳ ሥራው በአሜሪካ ሙዚየም ታይቶ መጽሐፍ ሲጻፍለት ከእኛ ሐያስያን ስንቶቻችን ልብ አልነው? እኔም ከማይቆጠሩት ነኝ።

ሥዕሉን ልግዛዎት አልኳቸው። እንቢ አሉ። ዋጋ ጨመርኩ፤ እንቢ አሉ። አዲስ አበባ ወስጄ በክብር አሳየዋለሁ፣ ብዙ ሰው ያየዋል ብዬ ለመንኩ። ይህን ስናገር ግሪዮል ትዝ አለኝ። እሱም ሳይጠፋ ላድነው፣ ብዙ ሰው ይየው ሳይል የቀረ አይመስለኝም። አፈርኩ።

«ግልባጭ እሠራልሻለሁ። ዋናው እዚሁ ይቀመጥ። የግጭ ሰዎች ገበያ ሲወጡ ገብተው ያዩታል» አሉኝ። ቀብድ ሰጥቻቸው ተለያየን።

ግልባጩ በሰው እጅ የደረሰኝ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ስዘረጋው ተራራው አለ፤ ጎጆዎቹ አሉ፤ ሰልፉም አለ። በቅሎዋ ላይ ያለው ልጅ ግን በጎን ነው የተሣለው። አንድ ዓይን አለው። እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት ያያል። ተናደድኩ፤ ስልክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ልጁን ለምን አዞሩት?»

«እዚህ ቤት ስሰቅለው በሩ ሲከፈት ወደ ግጭ ነው የሚያይ። አንቺ ቤት ወዴት ብሎ ይያል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ዘለቀ፤ በጭና ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ጦርነቱ ዳባትን ባለፈ ሰሞን ደውዬላቸው ነበር። ቤተሰባቸው ደኅና መሆኑን ከነገሩኝ በኋላ ሳልጠይቃቸው «ሥዕሉን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር፤ አሁን መልሼ ሰቀልኩት» አሉኝ።

ግልባጩ ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ስለ ሰማያዊው ቀለም ይጠይቀኛል። ስለ ልጁ የጠየቀኝ የለም። ሰላም ሆኖ መንገድ ሲከፈት ወደ ስሜን የምትሄዱ አንባቢዎቼ፣ ለተራራው አትቸኩሉ። ዳባት ላይ ምሳ ስትበሉ ግድግዳውን እዩ። ደባርቅ ላይ ያን ሰማያዊ ተከትላችሁ ሂዱ። ዋልያ ግዙ፤ ግድ የለም፣ ሰዓሊው በዚያ ነው የሚኖሩት። ከዚያ በኋላ ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ።