ርእሱን የሳተ ታላቅ ጽሑፍ

በካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር የምንኖር ሐበሾች ሙላጎ ሆስፒታልን የምናውቀው በሪፈር ወረቀትና በረጅም ወረፋ ነው። የካንሰር ሐኪሞች ግን በአንድ አጭር ጽሑፍ ያውቁታል። አየርላንድ የተወለደው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1958 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ያሳተመው ነው፤ ርእሱም «በአፍሪካውያን ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ሳርኮማ» ይላል።

ጽሑፉ ዛሬም አይሰለችም። በርኪት የ38 ሕፃናትን ሕመም ይዞ ይነሣል፤ በዓይኑ ካየው አልፎ አይራቀቅም። ትልቁ ብልህነቱ መንጋጋው ላይ አለመቅረቱ ነው። እንደ ልማዱ ቢሆን የመንጋጋው እብጠት ለአንዱ ሐኪም፣ የሆዱ ለሌላው ይመራና ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀሩ ነበር። እሱ ግን በኩላሊት፣ በጉበትና በሌሎችም የውስጥ አካላት ላይ የሚገኘው እጢ ከመንጋጋው ጋር አብሮ እንደሚታይ መዘገበ።

ስሕተቱ ያለው ርእሱ ላይ ነው። ሕመሙ ሳርኮማ (የአጥንት፣ የጡንቻና የመሰሎቻቸው ካንሰር) ሳይሆን ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) መሆኑን ኦኮነርና ዴቪስ የተባሉ የካምፓላ ፓቶሎጂስቶች በ1960 አሳወቁ። በርኪትን አጥብቆ መውቀስ አይገባም፤ የተለያዩ የሕፃናት ካንሰሮች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ትንንሽ፣ ክብና ጠቆር ያሉ ሴሎች ናቸው። የሚለያቸው ፍንጭ ቆይቶ በክሮሞዞም ውስጥ ተገኘ። 8ኛውና 14ኛው ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ሚክ የተባለው ጂን ፀረ እንግዳ አካል ከሚያመርተው ጂን አጠገብ ያርፍና ሴሉን ያለ ዕረፍት ያባዛዋል። ፊሽ የተባለው ምርመራ በጂኑ ግራና ቀኝ የሚያበሩ ምልክቶችን ይለጥፋል፤ ምልክቶቹ ከተራራቁ ጂኑ ተሰብሯል ማለት ነው።

ይህን ምርመራ የመጨረሻ ዳኛ አድርገው ከሚያሞግሱት ጋር ግን አልስማማም። ሚክ በሌሎች ሊምፎማዎችም ይሰበራል፤ ቢሲኤል2 የተባለው ጂን አብሮት ሲሰበር ሕመሙም ሕክምናውም ሌላ ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ ውጤት ላይገኝ ይችላል። የጂን ውጤት ከሴሉ መልክና ከሕፃኑ ሁኔታ ተነጥሎ ከተነበበ ያሳስታል፤ በርኪት የጻፋቸው ዝርዝሮች ዛሬም የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

አሁን በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተመራማሪዎች ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘውን የኤፕስታይን ባር ቫይረስንና የእጢውን የዘረመል ቁርጥራጭ ከደም ለመለየት እየሠሩ ነው። ይህ እጢ በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ መሆን ይችላልና የፓቶሎጂ ውጤት ለሳምንታት መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

እንግዲህ የካንሳንጋ ወላጆች፣ የልጃችሁ ፊት ካበጠ ወይም ጥርሱ ያለ ዕድሜው ከተነቃነቀ፣ ከማስነቀላችሁ በፊት ሙላጎ ኮረብታ ላይ ወዳለው የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት ውሰዱት፤ ናሙና ሲወሰድለትም የሚክ ምርመራ ይደረግለት እንደሆነ ጠይቁ።