ውዳሴ ለነቀምቴ ቤተ ወንጌል

የወለጋ ሞገስ፣ የነቀምቴ አክሊል፣ እናታችን ቤተ ወንጌል ሆይ፣ ምስጋና ይድረስሽ! ከጨለለቂ ሰፈር እስከ በኬ ጀማ ሰፈር ልጆችሽ ይመርቁሻል፤ ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ፣ እናቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃኑ በአያቱ ትከሻ ላይ ሆኖ።

የአስመራን ታላቅ የካቶሊክ ካቴድራል ኢጣሊያ በቅኝ ዘመኗ አነጸችው፤ ግርማውም የገዢን ግርማ ይናገራል። የአንቺን የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ግን በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው እስከ ባሕር የወረዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ነጻነታቸውን ለብቻቸው አልበሏትም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ፤ በ1904ም የሸጣቸውን ምድር ሊያስተምሩ ተመለሱ። እንዴት ያለ ብድር መመለስ ነው!

ክብር ለአስቴር ጋኖም ይሁን! እርሳቸውም ከባርነት ወጥተው የሕዝባቸውን ዘፈንና ተረት ከአንደበት ወደ ብራና አሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውን የንባብ መጽሐፍ ከኦኔሲሞስ ጋር አሰናዱ።

የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ እንግዳውን መምህር ኦኔሲሞስን በክብር ተቀበሏቸው። ስብከት በተከለከለባቸው ጊዜም ኦኔሲሞስ ፊደል ማስቆጠራቸውን አልተዉም። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ባስተማሩባት በነቀምቴ አረፉ።

ከዘሩት ዘር ቄስ ጉዲና ቱምሳ በቀሉ፤ በከተማችን ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ቁስል አጠቡ፣ በመንበርሽም ቆመው ነፍስን አጽናኑ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደርግ ገደላቸው። በወለጋ ብዙ ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ዝማሬሽ በየጓዳው፣ በየምድጃው ዙሪያ ኖረ፤ በር ማሸግ እምነትን ማሸግ አልሆነም።

ያሳደግሻቸው ልጆችሽ ለሰፈሩ ሁሉ ሆኑ። ኀዘን በደረሰበት ቤት ድንኳን ይተክላሉ፣ ደስታ ባለበት በቅቤ የበሰለ ቡና ቀላ ያቀርባሉ፤ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል።

እንግዲህ ቤተ ወንጌል ሆይ፣ ሆሪ ቡሊ፣ ተባዢ፣ ኑሪ! የተሸጠ ሰው ያቆመሽ ነሽና፣ በደጅሽ ሰው በዘሩ፣ በሀብቱ ወይም በቋንቋው አይመዘን። ፊደል የተራበ ልጅ አንድም ባዶውን አይመለስ። ወለጋ በሰላም ውላ በሰላም ትደር፤ አሜን።