የአንድ ልጅ ልክ

ወንበሩን ገልብጬ ሥሩን አየሁት፤ የፓስታ ወይም የሳሙና ስም የሆነ ቦታ ብቅ ይል ይሆናል ብዬ። አይልም። ዳር ዳሩ በቀጫጭን ወረቀት ተለብዶ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ የለውም፤ ሳንኳኳው ድምፁ የእንጨት ነው። ነገሩ ግን ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ ብቻ ነው።

ዘዴው የዚምባብዌ ነው። ቤቪል ፓከር የተባሉ መምህር ከተጣለ ወረቀት ጠንካራ ዕቃ የመሥራቱን ሙያ አዳብረው መመሪያውን በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡት። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ልጆች ወንበርና መቆሚያ ይሠራበታል።

በካርቶን ሆድ ውስጥ ያለው ሞገድ ወረቀት በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው አሻፈረኝ ይላል። ይህን ወንበር የሠራችው ባለሙያ ታዲያ አንዱን ንጣፍ በቁም፣ ቀጣዩን በአግድም እያደረገች ትደርባለች። ጋዜጣውን በመቀስ አትቆርጠውም፣ ትቀደዋለች፤ የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፣ የተቆረጠ ግን እርከን ይሠራል። እኔም ቤቴ ሞክሬው ነበር። ጋዜጣው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ተቀደደልኝ፤ ወደ ጎን ስስበው እንደ ፈለገ ሄደ። ሙጫዬም ጓጎለ። ዱቄቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚበጠበጥ ሙቅ ያፈላ ሰው ሁሉ ይነግረኝ ነበር።

ከባዱ ማድረቁ ነው። ካልተጫኑት ይጣመማል፤ ውስጡ ሳይደርቅ ቫርኒሽ ከቀቡት ይሻግታል። ስለዚህ ቀናት ይጠበቃል። ቫርኒሹም ለጌጥ አይደለም፤ ለሃጭና የተደፋ ሾርባ ወረቀቱን እንዳያርሱት ነው።

ወንበሩ የተሠራለት ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ሲስቅም ሲደነግጥም ሰውነቱ ይገተርና ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ተራ ወንበር ላይ ከሆነ ተንሸራቶ ይወርዳል። እኔ ብሆን ደረቱን አስር ነበር። ባለሙያዋ የያዘችው ዳሌውን ነው። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፈው ያርፋሉ፤ ቀበቶው ዳሌውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይስባል። ከጉልበቱ ጀርባ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለ። እግሮቹ እንዳይቆላለፉ በጉልበቶቹ መሀል ጉብታ ቆሟል። መዳፌን ሳሳልፍበት አንድም የሚቧጥጥ ነገር አላገኘሁም።

ጭንቅላቱን የሚደግፍ ነገር ግን አልሠራችለትም። ለምን ስላት፣ «መያዝ ጀምሯል እኮ፤ ይሥራበት እንጂ!» አለችኝ። ስንት ባለሙያ ነው እዚህ ጋ እጁን የሚሰበስብ?

እናቱ አስቀመጠችው። ክርኖቹ በልካቸው በተሠራችው ጠረጴዛ ላይ አረፉ፣ ራሱም ቀስ ብሎ ቀና አለ። ማንኪያውን በጭብጡ ይዞ ገንፎውን ጨለፈ፤ ገሚሱ አገጩ ላይ ቀረ፣ ገሚሱ ገባ። እናቱ ልትረዳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ቡና ልትቀዳልን ተነሣች።

ይኼ ሦስተኛ ወንበሩ ነው፤ ሁለቱ ጠበውታል። የእግር ማሳረፊያው እግሩ በረዘመ ቁጥር አንዱ እንዲወጣ ተብሎ በ3 ስስ ንጣፎች ተደራርቦ ነበር። አሁን የቀረው 1 ነው። ባለሙያዋ ተንበርክካ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ በሜትር ለካች፤ ቁጥሩንም ደብተሯ ላይ ካለፈው ልክ ሥር ጻፈችው።