ሰው ያልሞተባቸው የበረራ እክሎችና በሕዝብ ዘንድ ያላቸው አቀባበል

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ. ም. ከቀትር በኋላ በሎንዶን ከተማ በሂትሮው አይሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ከነበረ አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ላይ ጢስ ታየ። አይሮፕላኑ ከጧት ጀምሮ ባዶውን የቆመ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው እሳቱን አጠፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ሆኖም ማረፊያው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጋ፤ ጣራው የተቃጠለው አይሮፕላን ሥዕል በዚያው ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ የሠሪው የቦይንግ ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋም በዕለቱ 5 በመቶ ገደማ ወረደ።

ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ. ም. ማታ ደግሞ ላዮን ኤር የተባለው የኢንዶኔዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ ሲበር አፍንጫው ከአብራሪዎቹ ፈቃድ ውጭ ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋ ጀመር። አብራሪዎቹ የሚገፋውን መሣሪያ ኤሌክትሪክ አቋርጠው አይሮፕላኑን በእጃቸው እየመሩ መንገዳቸውን ጨረሱና በደኅና አረፉ። በዚህም የሞተ ሰው አልነበረም። ወሬው ግን ለሕዝብ ጆሮ አልደረሰም። በማግሥቱ ማለዳ ያው አይሮፕላን ሌሎች መንገደኞችን ጭኖ ተነሣ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ከባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ ስለ ፊተኛው ያ ሁሉ ጩኸት፥ ስለ ኋለኛው ደግሞ ያ ሁሉ ዝምታ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። ሐሳባችንን በአጭሩ ለመግለጽ፥ ሕዝቡም ሆነ ጋዜጠኛው አንድን የበረራ እክል የሚመዝነው በዐይን በሚታየው ነገር፥ ማለት በጢሱ፥ በጩኸቱና በሥዕሉ ነው። መመዘን የሚገባው ግን በሌላ ነው፤ ይኸውም በዚያ ቀን መንገደኞቹን ከሞት ያዳናቸው ምን እንደ ነበረና ያ አዳኝ ነገም በቦታው የሚገኝ እንደ ሆነ ነው።

የቃሉ ትርጉም

በ1937 ዓ. ም. በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ዐሥራ ሦስተኛው አባሪ በበረራ ላይ የሚደርሰውን ነገር በየደረጃው ይከፍለዋል። ሰው የሞተበት ወይም በብርቱ የቈሰለበት፥ አይሮፕላኑም በብርቱ የተሰበረበት ወይም የጠፋበት «አደጋ» ይባላል። ወደ አደጋ ለመድረስ እጅግ ተቃርቦ የነበረው «ከባድ እክል» ነው፤ ከዚያ የሚያንሰው «እክል» ብቻ ነው። ያው አባሪ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሁለተኛ እንዳይደርስ መከላከል እንጂ በደለኛ ፈልጎ መውቀስ አለመሆኑን ይደነግጋል።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፥ የሂትሮው እሳትና የዴንፓሳሩ በረራ በየአገራቸው መርማሪዎች ዘንድ የተመደቡት በአንድ ደረጃ መሆኑን ነው። ሁለቱም «ከባድ እክል» ተብለዋል። በመርማሪው ሚዛን እኩል የሆኑት ሁለት ነገሮች በሕዝብ ሚዛን አንዱ ተራራ፥ ሁለተኛው ገለባ ሆኑ።

የሂትሮው ጢስ

በሂትሮው የተነሣው ጩኸት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን በቦስተን ማረፊያ በቆመ የጃፓን አየር መንገድ 787 ላይ የባትሪ እሳት ተነሥቶ ነበር። ጥር 8 ቀን ደግሞ ሌላ የጃፓን 787 በባትሪው ምክንያት ሳይታሰብ ለማረፍ ተገደደ። ከዚህ በኋላ የዓለም 787 አይሮፕላኖች ሁሉ እንዲቆሙ ተደረገ። በሚያዝያ 19 ቀን ከሁሉ ቀድሞ 787ን መልሶ ለመንገደኞች ያበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፥ ጉዞውም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ጢስ ሲታይ፥ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፥ ሰው ሁሉ «ያው ባትሪ ነው» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እንዲያውም በዚያው ቀን ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ 787 ከማንቸስተር ወደ ፍሎሪዳ ጉዞ ጀምሮ ለጥንቃቄ ሲመለስ፥ ሁለቱ ወሬዎች የሚያገናኛቸው ነገር ሳይመረመር በአንድ ዐምድ ታተሙ።

ትችታችን በድንጋጤው ላይ ሳይሆን ከድንጋጤው በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። የእንግሊዝ መርማሪዎች በስድስተኛው ቀን፥ ሐምሌ 11 ቀን፥ ባወጡት መግለጫ እሳቱ ከዋናዎቹ ባትሪዎች ሳይሆን በጣራው ውስጥ ከተቀመጠች አንዲት ትንሽ መሣሪያ አካባቢ መነሣቱን አመለከቱ። ይህች መሣሪያ አይሮፕላን ወድቆ እንደ ሆነ ያለበትን ስፍራ በራዲዮ የምትናገር ናት። በነሐሴ 2007 ዓ. ም. የወጣው የመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ የባትሪዋ ሽቦዎች ተሻግረው ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደ ነበርና ከዚያ የመጣው ንክኪ ባትሪዋን እንዳጋያት ገለጠ። በዚህ ዐይነት የተሠሩ ወደ 6,000 የሚደርሱ መሣሪያዎች በልዩ ልዩ አይሮፕላኖች ላይ ተገጥመው ነበር።

እንግዲህ እውነተኛው ነገር ከተፈራው ይልቅ ሰፊ ነበር። ሕዝቡ ስለ አንድ አይሮፕላን ሲፈራ፥ መርማሪው ግን የጠየቀው አንዲት ትንሽ ባትሪ እንዲህ ስትጋይ ምን እንደምታደርስ ከመገጠሟ በፊት በሚገባ አልተፈተነችም ወይ ብሎ ነው። ነገር ግን «ያው ባትሪ አይደለም» የሚለው መልስ እንደ ተሰማ የጋዜጦቹ ትጋት ቀዘቀዘ። ጢሱን ያየው ሰው ቁጥር የለውም፤ ሪፖርቱን ያነበበው ግን ጥቂት ነው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባል በዚህ ላይ ሳይፈጸም ቀረ።

ተመሳሳይ ነገር በ2016 ዓ. ም. ታይቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን በአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 ላይ የበር ቦታ መድፈኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ከወደቀ በኋላ ሕዝቡ በቦይንግ ላይ ዐይኑን ተከለ። የካቲት 28 ቀን ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ኦሳካ የተነሣ 777 አይሮፕላን አንድ ጎማው ወድቆ የቆሙ መኪናዎችን ሰባበረ፤ አይሮፕላኑም ሎስ አንጀለስ በደኅና አረፈ። ይህ አይሮፕላን ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ስለ ነበር ጥያቄው በቅድሚያ ስለ ጥገናው መሆን ይገባው ነበር። ብዙዎች ግን ከበሩ መድፈኛ ቀጥለው በአንድ መዝገብ ጻፉት። የበሩ ጉዳይ ከፋብሪካው የመጣ ብርቱ ጥፋት ነበር፤ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ክብደቱ ይቀልላል እንጂ አይጨምርም።

የሣቅ አቀባበል

እክል በድንጋጤ ብቻ ሳይሆን በሣቅም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ. ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 አይሮፕላን የመውረጃውን ጊዜ አሳልፎ በ37,000 ጫማ ከፍታ ከማኮብኮቢያው በላይ አለፈ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩ መልስ አላገኙም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸውና የአውቶማቲክ መሪው መቋረጥ ደወል እንደ ቀሰቀሳቸው በዓለም ጋዜጦች ተወራ። ከዚያ በኋላ ዞረው በደኅና አረፉ። አየር መንገዱ ባወጣው መግለጫ በረራው ከተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደ ነበርና አብራሪዎቹ ምርመራው እስኪደረግ ከሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ።

በዚያ ሳምንት የተሰማው አብዛኛው ነገር ቀልድ ነበር። ስለ አብራሪዎች ድካም ያነሡ ሰዎች አልጠፉም፤ ድምፃቸው ግን በሣቁ ተሸፈነ። እኛ እንደሚመስለን ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነበር፦ የአብራሪ የሥራና የዕረፍት ሰዓት እንዴት ነው የሚደለደለው? ደክሞኛል የሚል አብራሪ ሳይፈራ ሊናገር ይችላልን? ደወሉ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው መከላከያ ምን ነበር? በመግለጫው ላይም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «ግንኙነት ጠፋ» የሚለው ቃል ሐሰት ባይሆንም ለምን ጠፋ የሚለውን አይመልስም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ለወሬኛ ሰፊ ሜዳ ነው። ድርጅቱ የሚያውቀውን ባልተናገረ መጠን ሕዝቡ የማያውቀውን ይናገራል።

ዝምታው

አሁን ወደ ዴንፓሳሩ በረራ እንመለስ። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች በጥቅምት 2012 ዓ. ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት እንደ ተገለጠው፥ የአይሮፕላኑን አቅጣጫ ከነፋሱ ጋር የሚለካው መሣሪያ በ21 ዲግሪ ተሳስቶ ነበር። አብራሪዎቹ ካረፉ በኋላ በመዝገብ የጻፉት ያዩትን ሁሉ አልነበረም። የካፒቴኑ መሪ በረራው እስኪያልቅ ሲንቀጠቀጥ መቆየቱና የአፍንጫውን መግፊያ ኤሌክትሪክ ማቋረጣቸው አልተጻፈም። ስለዚህ ሌሊት የመረመሩት የጥገና ሠራተኞች የበሽታውን ምልክት እንጂ በሽታውን አላገኙትም። በዚያ ማታ በአብራሪዎቹ ክፍል ሦስተኛ አብራሪ ተቀምጦ ይረዳቸው ነበር። በማግሥቱ ግን ሦስተኛ ሰው አልነበረም።

የዚህ የሦስተኛው ሰው ነገር በዓለም ጋዜጦች በትልቁ የተጻፈው በመጋቢት 2011 ዓ. ም. ነው። ማለትም መጋቢት 1 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አባቶቻችን። ሰው ያልሞተበት ማታ፥ በመጀመሪያው ሰዓት በሚገባ ተነግሮና ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ምናልባት ባልደረሰም ነበር። ይህን ስንል በሩቅ አገር ስለሆነ ነገር አይደለም የምንናገረው፤ ያ መሬት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ. ም. አንድ የቲ ደብሊው ኤ አይሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ደለስ ማረፊያ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አይሮፕላን በዚያው ስፍራ በተመሳሳይ ስሕተት ለጥቂት ተርፎ ነበር። ዩናይትድ ነገሩን ለገዛ አብራሪዎቹ ነገረ፤ ለሌላው አየር መንገድ የሚደርስበት መንገድ ግን አልነበረም። ከዚህ የተነሣ በ1968 ዓ. ም. በአሜሪካ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ያዩትን እክል ስማቸው ሳይገለጥ ለናሳ የሚጽፉበት ሥርዓት ተቋቋመ።

የተቃራኒው ሐሳብ

አንዳንድ ሰዎች «ሕዝቡ ሙያውን ስለማያውቅ ፍርሃቱ ከንቱ ነው፤ አይሮፕላን ከመኪና ይልቅ የታመነ ነው» ይላሉ። የመጨረሻው ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሕዝቡን ዝም በል ማለት ትክክል አይመስለንም። ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ መጋቢት 2 ቀን የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ማክስ ለመብረር ብቁ ነው ብሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክሶች አቁሟል፤ የቻይናም መንግሥት እንዲሁ። ብዙ መንገደኞችም በዚህ አይሮፕላን አንሳፈርም ይሉ ነበር። መጋቢት 4 ቀን ባለሥልጣኑ ራሱ አገደው። በዚያ ጊዜ ያልተማረው ፍርሃት ከተማረው መተማመን ይልቅ ወደ እውነት ቀርቦ ነበር።

ስለዚህ የሕዝብ ጆሮ ጥፋቱ አብዝቶ መስማቱ ሳይሆን የሚሰማውን አለመምረጡና ቶሎ መርሳቱ ነው። ጋዜጠኛውም የመጀመሪያውን ቀን ወሬ ለመቅደም የሚሮጠውን ያህል ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣውን ሪፖርት ለማንበብ አይተጋም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን የሚከተለውን እናቀርባለን። የበረራ እክል ወሬ ሲሰማ፥ ጸሐፊውም አንባቢውም ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መንገደኞቹን ያዳናቸው ምንድን ነው? ያ መዳኛ ሥርዓት ነበር ወይስ ዕድል? እክሉ ለሚመለከታቸው ሁሉ ተነግሯልን? በሂትሮው መልሱ አይሮፕላኑ በምድር ላይ ባዶውን መቆሙ ነው፤ ይህም ዕድል ነበር። በዴንፓሳር መልሱ በዚያ ክፍል የነበሩት የሦስት ሰዎች ጥረት ነው፤ ይህም በማግሥቱ አልተገኘም። ከካርቱም በመጣው በረራ ላይ መልሱ ደወል ነው፤ እርሱ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ነበር።

አየር መንገዶችም የሚያውቁትን በጊዜው ቢናገሩ የሚጎዳቸው ለአንድ ሳምንት ነው፤ ቢሸሽጉት ግን የሚጎዳቸው ለብዙ ዓመት ነው። በአገራችን በአየር መንገዱ ክብር የማይደሰት ሰው እንደሌለ እናውቃለን፤ ለዚህም ስሙ ሲነሣ ወዲያው ለመከላከል እንቆማለን። ግን የወደዱትን መጠየቅ መጥላት አይደለም። ከመካከላችን ምህንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን፥ ከጋዜጠኛው ጋር አብረው ሪፖርቶቹን እያነበቡ በአማርኛ ቢያስረዱ ታላቅ አገልግሎት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ መምህራንና ተማሪዎች ስሕተታችንን ቢያርሙልን፥ በተለይም ስለ አብራሪዎች የዕረፍት ሰዓት የተሻለ ጥናት ቢያቀርቡ ደስታችን ነው።